የፈዋሹ መስመር

ጋሼ ሚዛን በዕድሜው ሙሉ አንድም ቁጥር አዛብቶ አያውቅም። ይህን ስል የኖርኩት ግን ላሞግሰው አልነበረም። «ያ ደረቅ! ለአንዲት ቁጥር ብሎ ወንድሜን አበላሸብኝ!» እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ስሙን ሳጠፋ ኖሬአለሁ። የስፌት ቤቴ ደንበኞች ታሪኩን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። ለዩኒፎርም ልኬት የመጣች ነርስ ክንዷን ዘርግታ በቆመችበት፣ ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ እንደያዝኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰምቻታለሁ። ምን ታድርግ፣ መቀሱም መርፌውም በእኔ እጅ ነው!

ዛሬ ግን የምናገረው ለሌላ ነው። እስቲ ከሥር ከመሠረቱ ልጀምር።

ሥራው ሚዛን መፈተሽ ነበር፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣንለት ከዚያ ነው። በየሱቁና በየመጋዘኑ ይዞራል። የናስ ኪሎዎቹን፣ ከትልቁ ጀምሮ ጥፍር እስከምታክለዋ ድረስ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በየጎድጓዳቸው ደርድሮ ይይዛል። ብቻውን ደግሞ አይፈትሽም። ባለሱቁ ኪሎውን ይጭናል፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ተጠርቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሱ ይጽፋል። «የሚጽፈውም የሚያነበውም አንድ ሰው ከሆነ፣ የሚያየው ልቡ የፈለገውን ነው» ይል ነበር። ሚዛኑ ደህና ከሆነ በደቃቅ እርሳስ ቀኑን ጽፎ «ልክ ነው» ይልበታል። ካልሆነም ቀኑን ጽፎ የስህተቱን መጠን ያኖርበታል። ቢለምኑት፣ ቢያለቅሱበት፣ ምሳ ቢጋብዙት ያው ነው።

እኛ ከምንኖርበት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ተከራይ ነበር። እናታችን በሞተች ዓመት እኔ ሃያ አምስት፣ ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ልጁ ከቀብር መልስ አፉን ዘጋ። ሁለት ወር ሙሉ! «ብላ» ስለው ይበላል፣ «ተኛ» ስለው ይተኛል፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። ጎረቤቱ «ቀስ እያለ ይለቀዋል» ይለኛል። ማሳደጉ ቀርቶ ማናገሩ አቃተኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ሚዛን ትልቅ ደብተር በብብቱ ይዞ፣ ዳይስ የሚባሉ ባለ ቁጥር የዕጣ ጠጠሮች በካልሲ ቋጥሮ ከፎቅ ወረደና ወንድሜ ፊት ተቀመጠ።

«አንድ ጨለማ ዋሻ አፍ ላይ ቆመሃል» አለው። «ከውስጥ ሰው ሲያቃስት ይሰማል። ምን ታደርጋለህ?»

ዝም። ጋሼም ዝም። ያ ሰው ደግሞ ዝም ማለት ያውቅበታል። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ «ኧረ ባክህ ተወው» ልል ስል፣ ወንድሜ ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

«ገብቼ አያለሁ።»

እዚያው የሰው ሱሪ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ፣ እኛ ዘንድ ጋሼ፣ ዳኛ ይሆናል፤ ከተማውን፣ ዋሻውን፣ ጭራቁን በአፉ ይሠራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ዓለም ይኖሩበታል። ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይወስናል። የተፈጠረው ሰው ስሙ፣ ጉልበቱ፣ ዕቃው፣ ቁስሉ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከሞተም ሞተ፤ «እንደገና» የሚባል ነገር የለም። መጽሐፉ የውጭ ቋንቋ ስለነበር ጋሼ መዝገበ ቃላት ይዞ ተርጉሞ፣ ሰንጠረዦቹን በማስመሪያ አስምሮ ያንን ደብተር በእርሳስ በእጁ ሞልቶታል። ዳይሶቹ ሲመጡ ቁጥራቸው ቀለም አልነበረውም። ወንድሜ ነው ነጭ የሰም ከለር ፈትጎ የሞላቸው፤ ባለ ሃያ ፊቱን ሲጨርስ አንድ ቀን ፈጅቶበታል።

ጭራሽ እኔንም ጎተቱኝ። «አንዴ ብቻ» ብዬ ገብቼ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ። አይጥ ባይ ወንበር ላይ የምወጣው ሴትዮ፣ እዚያ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ጦረኛ ሆኜ ጥጃ የሚያህሉ አይጦች በጎራዴ ስጨፈጭፍ ዋልኩ። አንድ ሊያገባኝ ያሰበ ሰው ቅዳሜ ሳይታሰብ መጥቶ «ዝም በሉ፣ ዘንዶው ተኝቷል!» ስል ሰማኝ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ወጣ፤ ዛሬም ድረስ አልተመለሰም። አራተኛችን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ክርክር እንጀራው የሆነ ሰው። ዳይስ ከወደቀ በኋላ «ደብተሩ እንደገና ይታይ» እያለ አንዱን ፍልሚያ እስከ ምሽት ስለሚያቆየን በሦስተኛው ዓመት ሕግ አወጣን፤ ዳይስ ከወደቀ ደብተር አይከፈትም። ሌላም ሕግ ነበረን፤ የሰው ወረቀት አይነካም። ሰውህ ቢሞት እንኳ «ሞተ» ብለህ የምትጽፈው አንተው ነህ።

ወንድሜ የፈጠረው ፈዋሽ ነበር። ቁስል የሚያክም፣ መርዝ የሚያወጣ ሰው። ለምን ያንን እንደመረጠ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ እናታችን በእጁ ላይ ነው የሞተችው። ያ ፈዋሽ ከወንድሜ ጋር አብሮ አደገ። ወንድሜ የሊፍት ጥገና ተምሮ ሥራ ሲይዝ፣ ፀጉሩ ገና በሃያ አምስት ዓመቱ መሳሳት ሲጀምር፣ የወደዳት ልጅ ሌላ ስታገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ፈዋሽ ነው። «ሳምንቱን የምችለው እኮ ለቅዳሜ ብዬ ነው፣ እታለም» ይለኝ ነበር። ትልቅ እህቱ ስለሆንኩ እታለም ነበር የሚለኝ።

እንግዲህ ያ ቀን። አንድ የተቆለፈ ሣጥን አገኘን። እኔ ልከፍት እጄን ስዘረጋ ወንድሜ «ቆይ እታለም፣ አንቺ ቆስለሻል፤ እኔ ልክፈተው» አለ። ከፈተ። ክዳኑ ውስጥ መርዝ የተቀባ መርፌ ነበር።

«ማምለጫ» አለ ጋሼ።

ማምለጫ ማለት ሰንጠረዥ ነው። ጦረኛው፣ ፈዋሹ፣ አስማተኛውና ሌባው እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመር አላቸው፤ ከመርዝ ለመትረፍ ዳይሱ ቢያንስ ስንት መምጣት እንዳለበት እዚያ ተጽፏል። የሞትና የሕይወት ነገር ሲመጣ ጋሼ ደብተሩን ራሱ አያነብም፤ ልክ እንደ ሥራው ነው። ባለጉዳዩ ይጥላል፣ ከዳኛው ሌላ የሆነ ሰው ያነባል፣ እሱ ይፈርዳል። አንባቢዋ ሁልጊዜ፣ በራሴ ተራም ቢሆን፣ እኔ ነበርኩ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው። ጣቴን አስኬድኩና አነበብኩ።

«አሥራ አራት።»

ወንድሜ ጣለ። አሥራ ሁለት።

«ተረፍኩ!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ።

«አሥራ አራት ነው እኮ ያለችው» አለ ጋሼ።

«አሥራ አንድ ነው! የራሴን ቁጥር አጣዋለሁ እንዴ? አሳዩኝ!»

ጋሼ ደብተሩን ከደነው። «ዳይስ ከወደቀ ደብተር አይከፈትም። ያወጣነው አብረን ነው።» ሹፌሩ፣ ምስክር በሚያስፈልግበት በዚያች ደቂቃ፣ ሽንት ቤት ነበር። እኔስ? እኔ ያነበብኩትን አንብቤአለሁ፤ ምን ልጨምር?

ወንድሜ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በር ላይ ቆሞ፣ «እታለም ያነበበችው የተጻፈውን ነው» አለ። «እሷ አትዋሸኝም፤ በዓለም ላይ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነች። ደብተሩን የጻፍከው ግን አንተ ነህ። ሆን ብለህ ነው የገደልከው።»

ወጣ። ከጋሼ ጋር ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

ሳይውል ሳያድር ይታረቃሉ ብዬ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሲብስብኝ ወደ ፎቅ ወጣሁ። «ወረቀት እኮ ነው፣ ጋሼ!» አልኩት። «ምናለበት አንዴ ብትምረው? ልጁ ምግብ አልበላ አለኝ!» በሩን ይዞ ቆሞ ብዙ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያኔ ግን አላስተዋልኩትም፣ ደሜ ፈልቶ ነበር።

«አይቻልም፣ እቱ» አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላለም። እኔም ያልወረደ ስድብ አውርጄበት ወረድኩ። በዓመቱ ቤት ለቆ ሄደ።

ወንድሜ ቅዳሜውን በመጠጥ ሞላው። መጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዓርብም፤ ከዚያ ቀን መቁጠር ተውኩ። ሊፍት ውስጥ ሰክሮ ተገኝቶ ከሥራ ወጣ። ሌላ ቦታ ገባ፣ ከዚያም ወጣ። አንዳንዴ ከሱሪው ኪስ ያንን የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ያየዋል፤ «ሞተ» ብሎ ግን አልጻፈበትም። እኔ ደግሞ ሲሰክር ተሸክሜ ሳስተኛው «እሱ ነው እንዲህ ያደረገህ» እለዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አልኩት። ወይ ምላሴ!

በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ጉበቱ አበቃ። ከሞተ በኋላ ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ካለው መሳቢያ ዕቃውን ስለቅም ወረቀቱን አገኘሁት። ከመሞቱ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከነርሷ በተዋሰው ሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎበታል። ከላይ «ሞተ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ዳኛው ልክ ነበር። ቁጥሩን የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበለኝ።»

ይቅር ይበለኝ? ማን ማንን ነው ይቅር የሚለው? ወንድሜን ቆርጦ የጣለው ሰው ጭራሽ ይቅርታ ይለመን? ይህን ወረቀት አያየውም አልኩ፤ ምሎ ተገዝቶ ቢለምነኝ አያየውም።

ቀብሩ ላይ መጥቶ ነበር። ከበሩ ሥር፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። አልሄድኩለትም። በሦስተኛው ወር ስልኬ ጠራ።

«እቱ፣ ደብተሩን አገኘሁት» አለኝ፤ ድምፁ አርጅቷል። «ዳይሶቹም አሉ። አንድ ቅዳሜ ብትመጪ... ካቆምንበት ትንሽ ብንጫወት።»

ምን ቆርጦኝ እሄዳለሁ ልለው ነበር። ነገር ግን ለምን እንደደወለ ገባኝ። ያ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ከመሞቱ በፊት ስለ እሱ ያለው ቃል ካለ ሊሰማ። ቃሉ ደግሞ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሄጄ፣ ዓይኑን እያየሁ ልነፍገው ፈለግሁ። እንዲህ ነኝ፤ የባሰ ሰው አላውቅም።

አንዲት ክፍል ነበረችው፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። የናስ ኪሎዎቹ ከነሳጥናቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ተወልውለው ያበራሉ። የሱ ዓይን ግን አያበራም። ነጭ ሸፍኖታል። ሻይ ሲቀዳልኝ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ ነው መሙላቱን ያወቀው። አንጀቴን ሊበላው ሲል «ደግ ሆነ» ብዬ አጠነከርኩት።

ሁለት ጊዜ ፉት እንዳለ በጥያቄው ዙሪያ ዞረና በመጨረሻ አወጣው።

«ስለ እኔ... ምንም አላለም?»

«ምንም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ዳይሶቹን ከዚያችው ካልሲ አወጣና፣ «ሣጥኑ ካለበት ክፍል ወጥተሻል» ብሎ ጀመረ። «መተላለፊያው ረጅም ነው። ብቻሽን ነሽ።»

ድምፁ ያው ነው። ምን ልበላችሁ፣ ወዲያው ገባሁበት። የግድግዳው እርጥበት ሸተተኝ። ከኋላዬ የሚከተል እግር ያለ መስሎኝ «ፈዋሹ የታለ?» ልል ስል ምላሴን ነከስኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከጣራ ሸረሪት ወረደና አንገቴን ነደፈኝ።

«መርዝ ነው» አለ ጋሼ፤ ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ «ደብተሩን ተዪው፤ የጦረኛውን አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ነው፣ ጣይ።»

«እንዴ! ዳኛ በቃሉ ይፈርዳል እንዴ?» አልኩት። «ለወንድሜ ሕግ ሕግ ነበር። ለእኔም ይነበብ!»

«እቱ፣ ተዪው ስልሽ።»

መዳፉን ደብተሩ ላይ አኖረ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ከመዳፉ ሥር ጎትቼ አወጣሁትና ከፈትኩት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ መስመሮቹ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ጣቴ ሳላዘው ከላይኛው መስመር ላይ ሄዶ አረፈ። የጦረኛው መስመር፤ የራሴ። አሥራ አንድ ዓመት ስለራሴ ያነበብኩት እሱን ነው። አሥራ አራት።

«አሥራ አራት» አልኩ። ከዚያ ክፋቴ አላስቀመጠኝም። «ቆይ፣ ወንድሜን የገደልክባትን ቁጥርም እንያት» ብዬ ጣቴን አንድ መስመር ዝቅ አደረግሁ።

ፈዋሽ። አሥራ አንድ።

እንደገና አነበብኩት። ጭራሽ መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጠርጌ አነበብኩት። አሥራ አንድ። ፍቅፋቂ የለበትም፣ የእርሳሱም ጥቁረት ከሌላው ጋር አንድ ነው። ከጎኑ በደቃቅ እርሳስ ቀን ተጽፏል፤ የዚያ ቅዳሜ ሦስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ። ከቀኑም ሥር፦ «የንባብ ስህተት፣ ሦስት።»

ክው አልኩ። አሥራ አራትና አሥራ አንድ። ሦስት። ያነበብኩት የራሴን መስመር ነው። ጣቴ ልማዱን ተከትሎ ሄደ፣ እኔም የራሴን ቁጥር ለወንድሜ አነበብኩለት። አሥራ ሁለት ይበቃ ነበር። ልጁ ልክ ነበር። ከወንበሩ ዘልሎ «ተረፍኩ» ሲል በእርግጥ ተርፎ ነበር፤ መልሼ የገደልኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መሰለኝ። «ታውቅ ነበር?»

«ማክሰኞ ዕለት አየሁት።»

«እኔ ረቡዕ መጥቼ ስሰድብህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ለምንድን ነው አፍህን የዘጋኸው?!»

«ምን ልበለው?» አለ። «‹ያሳሳተችህ እታለም ናት› ልበለው? በር ላይ ቆሞ ያለውን ሰምተሻል። ያለችው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ዳኛ ቢያጣ ምንም አይደል አልኩ። እህት ግን ከየት ያመጣል?»

ጣቴን ከመስመሩ ላይ አነሳሁ።

«ሌላ መላም አስቤ ነበር» አለ፣ ነጭ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መልሶ። «አሥራ አንዱን ፍቄ አሥራ አራት ልጽፍበት። ከዚያ ጠርቼው ‹ከመጽሐፉ ስገለብጥ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰውህ አልሞተም› ልለው። ደብተሩን ቢያይ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል፤ አንቺም ነጻ፣ እሱም ቅዳሜው ይመለስለታል። ላጲሱን ይዤ ተቀመጥኩ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እቱ። ቁጥር ፍቄ አላውቅም። ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። በማግስቱ አንቺ መጣሽ። ከዚያ ሳምንት ሆነ፣ ዓመት ሆነ። አንቺ ‹ለአንዲት ቁጥር ብሎ› እያልሽ እንደምታሚኝ ሰምቻለሁ። ውሸት አይደለም። አንዲት ቁጥር ብፍቅ ኖሮ ልጁ ይኖር ነበር።»

ይኸው እንግዲህ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሳማ የኖርኩት በራሴ ጥፋት ነው፤ የማማው ሰው ደግሞ ጥፋቴን ተሸክሞልኝ። ከዚያም ወዲያ የሰከረ ወንድሜን እያስተኛሁ «እሱ ነው» ስል ኖሬአለሁ። እግሩ ላይ ብወድቅ ምን ይጠቅማል? ልጁን ማን ያመጣዋል? ከመቃብር ወጥቶ ደብተሩን ይይ?

ቦርሳዬን ከፈትኩ። የታጠፈውን ወረቀት አወጣሁ።

«ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ብሎ ነበር። እዚህ አለ፤ ወረቀቱ ላይ።»

ተነስቶ ቆመ። ወረቀቱን ተቀብሎ ፊቱ አጠገብ አስጠጋው፣ ራቅ አደረገው፣ መልሶ አስጠጋው።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ሞተ» የሚለውንም፣ «ዳኛው ልክ ነበር» የሚለውንም፣ «ይቅር ይበለኝ» የሚለውንም። አንድም ቃል አልዘለልኩም፤ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ አንብቤ አላውቅም።

እስከዚያች ሰዓት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ልክ እንደተደበደበ ሰው አቃሰተ። «አልነበርኩም» ይላል። «ልክ አልነበርኩም። ይቅርታ ጠይቆኝ ሞተ? የራሱን ቁጥር አጣሁ ብሎ ሞተ?» እኔም ቆሜ አለቀስኩ። መጽናኛ የሚሆን ቃል ቢኖር እዚያ ክፍል ውስጥ ማንኛችንም አልነበረንም።

ከብዙ በኋላ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ጠረጴዛውን እየዳሰሰ መሳቢያውን ከፈተና አንዲት ያረጀች ላጲስ አወጣ። ያችው ትሁን ሌላ አልጠየቅሁም።

«የሰው ወረቀት አይነካም፤ አውቃለሁ» አለ። «ግን አልሞተም እኮ፣ እቱ። አሥራ አንድ ይበቃው ነበር፤ አሥራ ሁለት ጣለ። አልሞተም። ቃሉ የቱ ጋ ነው?»

ጣቱን ይዤ «ሞተ» ከሚለው ቃል ላይ አኖርኩለት። በሕይወቱ ፍቆ የማያውቅ ሰው መፋቅ ጀመረ። ወረቀቱን በግራ እጁ ጭኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በኃይል ፈተገ። የላጲሱ ፍርፋሪ ደብተሩ ላይ ረገፈ። ወረቀቱ ሳሳ፣ ጫፉም ተቀደደ። የነርሷ እስክሪብቶ ግን እርሳስ አይደለም። ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልወጣም።

በመጨረሻ ቆመና ፍርፋሪውን እፍ ብሎ አባረረ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፤ ድሮ ደብተሩን በሚገፋልኝ አኳኋን።

«ጠፋ?» አለኝ። «አንብቢልኝ። ምን ይላል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ነው፣ ይነበባል። ሞተ።

«ምንም አይልም፣ ጋሼ» አልኩት። «ጠፍቷል።»

በረጅሙ ተነፈሰ። ከደረት ኪሱ እርሳሱን አወጣና በጣቱ ቦታውን ለክቶ፣ ከቃሉ ጎን በደቃቅ ጽሕፈት የዕለቱን ቀን ጻፈ። ከሥሩም እንደ ልማዱ «ልክ ነው» ብሎ ጨመረበት።